ኮረብታዬን መልሱልኝ

ጫጫ አካባቢ አንድ የድንጋይ ካባ ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ፣ መሬቱ እንዲያገግም የተላክሁት ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ጉድጓዱን በአፈር ደልድለን፣ ዳር ዳሩን ችግኝ ተክለን ለገበሬዎቹ ልናስረክብ ነው። ጣጣውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ ከገበሬዎቹ ጋር ባደረግነው ስብሰባ ላይ መሬቱ «ወደ ነበረበት ይመለሳል» የሚለውን የውሉን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንድ ባለመሬት ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ እዚያ የነበረው ኮረብታ ነው። እንግዲያው ኮረብታዬን መልሱልኝ።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጠዋት ጠዋት ከኮረብታው አናት የደብራቸውን ጉልላት ተሳልመው ነበር ወደ ሥራ የሚሄዱት። ኮረብታው ጠጠር ሆኖ አስፋልት ሥር እንደገባ ባስረዳቸው፣ ወረቀቱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ቀድመውኝ ይገኛሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ወላጆቼ ይጠይቁኛል፤ ቀጥሎ ኮረብታው።

በመጨረሻ አፈር የሚዝቀውን የሎደሩን ሹፌር ለመንኩት። የተረፈውን አፈርና ድንጋይ በመሬታቸው ጥግ ከምሮ ጠቀጠቀው። ቁመቱ የቤት ጣሪያ ያህል ቢሆን ነው። ሽማግሌው ወጥተው ብዙ ቆሙ። ሲወርዱ ፊታቸው ጠቁሯል። ጉልላቱ አይታይም፤ የሚታየው የባለቤታቸው ወንድም ግቢ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሠርግ ላይ ዳቦውን ማን ይባርክ በሚል ተጣልተው ዓመታት ተኳርፈዋል።

«ወይ ጨምሪ፣ ወይ ቀንሺ» አሉኝ።

ሎደሩ ግን በማግስቱ ለሌላ ሥራ ወደ እነዋሪ ሄደ።

ሽማግሌው ጉልላቱ ባይታይም አቅጣጫውን አውቀዋለሁ ብለው ጠዋት ጠዋት ክምሩ ላይ እየወጡ እጅ መንሳታቸውን ቀጠሉ። በሳምንቱ ከሽማግሌው ጋር ችግኝ ስንተክል የባለቤታቸው ወንድም ሁለት አስታራቂ አስከትለው መጡ።

«ሳምንት ሙሉ ወደ ቤቴ ዞሮ እጅ ሲነሣኝ እንዴት ዝም ልበል? እኔም ሰው ነኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሽማግሌው ነገሩን ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ተዉት ማለቴ ነው።

«እንኳን መጣህ» አሉ ብቻ፤ ተሳሳሙ።

በዚያ ዓመት ከተከልነው ችግኝ ብዙውን ውርጭ መታው፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። ዕርቁን የምሞላበት ሣጥን ግን ቅጹ ላይ አላገኘሁም።