ለድልድዩ የተቀመጥነው ለቅሶ

እናቴ በትንሹም በትልቁም «አጃኢብ!» ትላለች፤ የወሎ ሰው ናት። እኔ እንደ እሷ በቀላሉ የምደነቅ አይደለሁም። ለአንዲት ሴት ግን እጅ ሰጥቻለሁ።

አዲስ አበባ ተወልደው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያረጁ የድልድይ ኢንጂነር ናቸው። ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ እኔ አሁን ያለሁበት የተማሪዎች ማኅበር፣ የፍራተርኒቲው አባል ነበሩ፤ ስሙ ወንድማማችነት ይሁን እንጂ ኢንጂነሪንግ እስከተማረች ድረስ ሴትም ትገባለች። ከተመረቁ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያስጠኑናል። እኔና እናቴም እዚያው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ስለምንኖር በመኪናቸው ሳን ሆዜ ይዘውኝ ይወርዳሉ። እትዬ ነው የምላቸው።

ባለፈው ሴሚስተር ለውድድር የሠራነው የብረት ድልድይ፣ የሚጫንበት ግማሹ እንኳ ሳይጫን፣ ዳኞቹ ፊት ወገቡ ቅንጥስ አለ። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ። እናቴ ድሮም ኢንጂነሪንጉ አልጣማትም፤ እሷ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ አገኘችልኝና፣ ብረት ሲሰበር ከምታለቅሺ ሰው ብትጦሪ ይሻልሻል፣ አላህ ዘንድ አጅርም አለው አለችኝ። እሺ አልኳት። ትምህርቱን ድሮፕ አድርጌ ልተወው ቆረጥኩ።

ለእትዬ በቴክስት ነገርኳቸው። ፊት ለፊት ማን ይችላቸዋል! ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሳህን ይዘው በራችንን አንኳኩ። እናቴ ደንግጣ ማን ሞተ ብትላቸው፣

«የልጅሽ ድልድይ» አሉ። «ለቅሶ ሳይቀመጡ መለየት የለም።»

ሳን ሆዜ፣ ድልድዩን የሠራንበት ወርክሾፕ እንደደረስን ስብርባሪውን ከጥግ አስወጥተው መሀል አስተኙት፤ ቡድኑንም ዙሪያውን ወለል ላይ አስቀመጡን። ከቡድናችን ቬትናማዊቷም ሜክሲኳዊቷም ንፍሮ ይዘግናሉ። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይባላል፣ እኔም ከመጀመሪያው እተርካለሁ። መጀመሪያ እያለቀስኩ ነበር። ደጋግሜ ሳወራው ግን እንባው እየቀነሰ ነገሩ እየጠራ መጣ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ የግራውን ብሎን በሙሉ አጥብቀን ከጨረስን በኋላ ወደ ቀኙ ዞርን ስል ቃሉ አፌ ላይ ቆመ። ለካ አንድ ጎኑን ብቻ ቀድመን በማጥበቃችን ገና ስንገጥመው አጣመነዋል! የወደቀው እኔ ደደብ ስለሆንኩ አልነበረም። እትዬ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ቢሆንም ውሳኔዬን አልለወጥኩም። ለእናቴ እሺ ብያታለሁ።

ከዚያ ፍራተርኒቲው እትዬን በመሪነታቸው፣ በበጎ ፈቃድ ሥራቸውና ተተኪ በማፍራታቸው ሊሸልማቸው ሳን ሆዜ ላይ ድግስ አዘጋጀ። እናቴን ይዤ ሄድኩ። የሠሯቸው ድልድዮች በስክሪን እየታዩ ተወራላቸው። ወይ ጉድ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብረን የምናልፍበት የፍሪዌይ ድልድይ ለካ የእሳቸው ነው። ስንት ጊዜ ከላዩ ሲነዱ አንድ ቀን «ይሄ የኔ ነው» ብለውኝ አያውቁም።

በመጨረሻ መድረክ መሪዋ፣ እሷም ድሮ እትዬ ያስጠኗት ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ተናገረች። እንግሊዝኛው የፈጠነባት እናቴ ምን አለች አለችኝ። እኚህ ሴት ለቅሶ ተቀምጠውላችሁ ኢንጂነርነቱን ያልተዋችሁ ተነሱ ነው ያለችው አልኳት።

ሽበታም ሴቶች ተነሱ። ከሪችመንድ የመጣች ሕፃን ያቀፈች እናት ተነሳች። ከኋላችን ወንበር እየተንቋቋ ረድፉ ሁሉ ቆመ፣ ወንዶችም አሉበት። ያረቢ! እኔ ንፍሮው ለእኔ ብቻ የተቀቀለ መስሎኝ ነበር። ስንቱ ስብርባሪ ተለቅሶለታል! እትዬ መድረኩ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል።

እኔ ተቀምጫለሁ። ሰኞ መጦሪያው ሥራ ልጀምር ነው፤ ብነሳ ውሸት ሊሆን ነው። እናቴ የቆሙትን አንድ በአንድ አየቻቸው። አጃኢብ እንኳ አላለችም። እጇን ብብቴ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ገፋችኝ።

«ተነሺ» አለችኝ። «ለመጦሪያው እኔ እነግራቸዋለሁ።»