አማቴ የተኙባቸው ሰዓታት

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ማሳቸውን ለታናሽ ልጃቸው ትተው ከአዘና ገጠር እንጅባራ እኛ ቤት የመጡት ሁለት ሺህ ስድስት ወይም ሰባት ዓ.ም. ይመስለኛል። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው እኛ ጋ ሥራ አልነበራቸውም። ባሌ ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚውለው ጫግኒ መንገድ ላይ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ እርሳቸው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

በወሩ ገደማ «ልጄ፣ እንቅልፍ አጣሁ፤ ዓይኔን ሳልከድን ነው የሚነጋው» አሉኝ።

እኔ ግን ሲያንኮራፉ እሰማቸው ነበር። ደግሞም ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ግራ ገባኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ጤና መኮንኗ ስለ ሕመም፣ ስለ ሐሳብ ጠየቀቻቸው። «ቀን ላይስ ያሸልባሉ አባቴ?»

«ቀንማ አልተኛም» አሉ።

ወደ እኔ ዞር ብላ «ክኒን ከማዘዜ በፊት ለሁለት ሳምንት ጻፊልኝ» አለች። «መቼ እንደተጋደሙ፣ መቼ እንደተነሡ፤ ቀን ካሸለቡም።»

የደንበኞች ልኬት በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ጻፍኩ። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ይጋደማሉ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሣሉ። ቀን ወንበሩ ላይ እስከ ሦስት ጊዜ ያሸልባሉ። ሳነብላቸው «ይኼ ሁሉ የእኔ ነው?» አሉ።

ሁለቱ ሳምንት አልቆ አብረን ስንመለስ ጤና መኮንኗ ደብተሩን አይታ «እንቅልፉስ አለ፤ ተበታትኖ ነው» አለች። «ሰው እየነቃ እየተኛ ሲያድር የሚያስታውሰው የነቃውን ነው። ማታ ከአራት ሰዓት በፊት አይጋደሙ። እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ተነሥተው ይቀመጡ። ሌሊቱ ቢከፋም ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይነሡ፤ ቀን አይተኙ።»

የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ ባሰ። ከምሳ በኋላ አንገታቸው ዘንበል ሲል ስፌቴን ትቼ ወሬ አመጣለሁ። «ይቺ ሐኪም ምን አድርጌያት ነው?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ወሬዬ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ተነሥተው ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ይቆፍሩ ጀመር። ድንች ተከሉበት። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት ሌሊት አንዴ ቢነቁም ተመልሰው ይተኙ ነበር። ክኒን ሳያስፈልግ ቀረ።

ጎረቤታችን እንቅልፍ አጣሁ ብላ ስታማርር አማቴ በጥሞና ሰሟትና «ቀን ላይስ ያሸልብሻል?» ብለው ጠየቋት።