መርማሪው መሬት ላይ እስኪቀመጥ

በሩ ላይ መጀመሪያ የቆረጡት ቀበቶዬን ነው። ቀበቶ ልበለው እንጂ ራሴ ከቃጫ የፈተልኩት ገመድ ነበር። ገመድ ሻጭ ነኝ፤ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ እየፈተልኩ ጊምቢቹ ገበያ ስሸጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ፖሊሱ ቋጠሮውን መፍታት አቃተውና በመቀስ ቆረጠው። "ራስዎን እንዳያንቁበት ነው" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ሱሪዬን በእጄ ይዤ ገባሁ።

ክፍሏ ሆሳዕና ካለው ጣቢያ ጀርባ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከወዲያኛው ጥግ ክዳን የሌለው ባልዲ። ፀሐይ ሲወጣ ቆርቆሮው ይግላል፤ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። ሽታውን አልጽፈውም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠውን ሰው አወቅሁት። በዚያው ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ሲናገር የሰማሁት ፕሮፌሰር ነው። ሊቀበለኝ ተነሳ፤ እሱም ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል።

የአዳራሹ ነገር እንዲህ ነው። ወጣቱን ሥራ እናስይዝ ተብሎ መንግሥት ስብሰባ ጠራ። እኔም የአገር ሽማግሌ ተብዬ ከጊምቢቹ መጣሁ። ፕሮፌሰሩ ንግድ የሚያስተምር፣ ትንሹ ነጋዴ እንዴት እንደሚጀምርና ለምን እንደሚወድቅ የሚያጠና ሰው ነው። ባለሥልጣኖቹ ፊት ተደርድረው ሳለ እንዲህ አለ፦ "ድሃው ነጋዴ የሚወድቀው ስለማይሠራ አይደለም። ሲቀናው ነው የሚወድቀው። ቦታው ገበያ መሳብ የጀመረ ዕለት፣ ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያለው መጥቶ ይወስድበታል።" ሳላስበው ብድግ አልኩና "እውነቱን ነው፤ የኔም የገበያ ሼድ እንዲሁ ነው የተወሰደችው" አልኩ። ይቺን ብዬ ተቀመጥኩ፤ የሱንም ንግግር እዚያው አቋረጡት። ክሱ ሕዝብ ማነሳሳት ሆነ። ከተነሳ ደግሞ የተነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እርስዎም በኔ ጦስ መጡ" አለኝ ክፍሉ ውስጥ።

"በራሴ አፍ ነው የመጣሁት። እርስዎ ምን አደረጉኝ?"

"አንተ ይበሉኝ አባባ፤ ልጅዎ ነኝ።"

ሀደሮ አጠገብ ገበሬ ቤት ነው የተወለደው። መጀመሪያ ዳምቦያ ሕፃናት አስተማረ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ተምሮ ተመለሰ። ባልንጀሮቹ በየሆቴሉ ስብሰባ ሲያሳድዱ እሱ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። ቅቤያቸውን አዋጥተው ተራ በተራ ለአንዷ የሚሰጡትን ሴቶች ሥራ ለማወቅ ከነሱ ጋር ክረምቱን ሙሉ ከርሟል። ተማሪውን ጫማው ጭቃ ሳይነካ አያስመርቅም ነበር አሉ።

አብሮን አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ታስሯል፤ ካልቀለደ እንቅልፍ አይወስደውም።

"ፕሮፌሰር፣ እስቲ በስትራቴጂ ንገረኝ፤ እዚህ ግቢ የቱ ንግድ ያዋጣል?"

"ቁልፍ" አለ ፕሮፌሰሩ። "ተፎካካሪ የለው፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ አይሄድ።"

ሳቅን። በሩን የሚጠብቀው ፖሊስም ሲስቅ ሰማነው።

"ግን ይሄ ስትራቴጂ የምትሉት ምንድነው?" አልኩት እኔም።

"ያለው ጥቂት የሆነ ሰው፣ የቱን ለቆ የቱን እንደማይለቅ አስቀድሞ ሲወስን ነው፣ አባባ።"

አንድ ጠዋት መርማሪው ቢሮው አስጠራኝ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ።

"አባባ፣ እርስዎ የአገር ሽማግሌ ነዎት። ይሄን ሰውዬ ይምከሩልን። እዚያው አዳራሽ ይቁምና ጥናቴ ስህተት ነበር፣ ይቅርታ ይበል። ሁለታችሁም ለቅዳሜ ገበያ ቤታችሁ ናችሁ። እምቢ ካለ ማስተማሩም ይቀራል፣ ክሱም ይቀጥላል።"

ሻዩን አልነካሁም። በኛ አገር ሽምግልና ሥርዓት አለው። የተጣሉት ሁለቱም መጥተው እኩል መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ባለሥልጣን ነኝ ብሎ ወንበር የሚስብ የለም። ሽማግሌውም ሁለቱን ሳይሰማ አፉን አይከፍትም።

"እሺ፣ እሸመግላለሁ" አልኩ። "እንግዲያው ይነሱ እንሂድ።"

"የት?"

"ክፍሉ። ከሱ ጋር መሬት ይቀመጡና ሁለታችሁንም ልስማ። ጥፋቱ የሱ ከሆነ እኔው ይቅርታ አስጠይቀዋለሁ።"

"እኔ? ከእስረኛ ጋር? መሬት?"

"ሽማግሌ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

አንቱታው እዚያው ቀረ። "ሽበትህን ባከብር ትጫወትብኛለህ? ግባ! ለሰውዬው ንገረው፤ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ።"

ገብቼ ቃል ሳልጨምር ነገርኩት።

"ምን ይመክሩኛል?" አለ።

"ሁለቱን ወገን ስላልሰማሁ አልመክርህም። ልጆች እንዳሉህ አውቃለሁ። ብትወጣ አልቀየምህም።"

ከሰዓት በኋላ ፖሊሱን ጠራና "እናገራለሁ በልልኝ" አለ።

ባለባጃጁ ጀርባውን ሰጠው። ማንም አልቀለደም። እኔም አልቀየምህም ብዬው፣ እግዜር ይየኝ፣ ተቀየምኩት። እውነቱን ነው ብዬ ታስሬ፣ እሱ ራሱ ውሸት ነበር ሊል? ቢሆንም በማግስቱ ሊወስዱት ሲነሳ አየሁት፤ አንድ እጁ ሱሪው ላይ ነው። እንዲህ አድርገው ሕዝብ ፊት ሊያቆሙት! የጋቢዬን ጫፍ በጥርሴ ቀደድኩ። ጭኔ ላይ ፈተልኩት፣ ደርቤ ገመድኩት።

"ና ታጠቅ።"

"ምን እንደምናገር አልጠየቁኝም" አለ።

"አልጠይቅህም። ብቻ ምንም ብትናገር ሱሪህን ይዘህ አትናገርም።"

ሲመለስ ከንፈሩ አብጧል። ገመዱ ወገቡ ላይ የለም።

"ምን አልካቸው?" አልኩት።

"ባለፈው ካቋረጡኝ ቦታ ቀጠልኩ።"

ባለባጃጁ ቦታውን ለቀቀለትና በውሃ የራሰ ጨርቅ ሰጠው። "ፕሮፌሰር፣ ይሄም ስትራቴጂ ነው?"

"አይ፣ ይሄስ ኪሳራ ነው" አለ ከንፈሩን ይዞ። ሊስቅ ሲል አመመው።

ኋላ ፈቱን፤ ለምን እንዳሰሩን ሳይነግሩን፣ ለምን እንደፈቱን ሳይነግሩን። ያስተምርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ በሱ ቦታ ሌላ ሰው አስገብቷል። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን ትምህርት የሚያስተምርበት ክፍል ዛሬ የለውም። እሱ ግን በገበያ ቀን ይመጣል፤ ደመወዝ ሳይኖረው ሴቶቹ መሃል ተቀምጦ እንደ ድሮው የንግዳቸውን ነገር ይጠይቃል። የኔ ሼድ በነበረችበት ሞባይል ይሸጣሉ። እኔ ኬሻ አንጥፌ ሜዳ ላይ እሸጣለሁ።

ሰዎች "አባባ ይርሱት፣ ለጌታ ይተዉት" ይሉኛል። እጸልያለሁ። አሜን ብዬ ስነሳ ግን ቁጣዬ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ለራሴ ብቻ አይደለም። ያን የመሰለ ሰው ሱሪውን ይዞ እንዲቆም የፈለጉበትን ነገር ነው ሆዴ እምቢ ያለው።

መርማሪው በሹመት አድጓል። አንዳንዴ ለሥራ ጊምቢቹ ሲመጣ በፊቴ ያልፋል።

"አባባ፣ ደህና ነዎት?" አንቱታው ተመልሷል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ አሳዳጊ አልበደለኝም። ግን አልነሳለትም። ጠጋ ብዬ ከጎኔ ቦታ እለቅለታለሁ፤ አፈሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ አደርግለታለሁ። ቆሞ ያየኝና ይሄዳል።

እሸመግላለሁ ብዬዋለሁ። ቃሌን አላጠፍኩም።