ከምሥራቅ እስከ ታቦር ሥር፦ የብርቱካንን ሞተር ልንመርጥ የወጣን ቀን

ከቤት ስንወጣ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መቀነቴን ሁለት ዙር ጠምጥሜ ሀዋሳ ምሥራቅ ከሚባለው ሰፈራችን ወጣሁ። መቀነቱ ውስጥ የሞተር ግማሽ ዋጋ አለ፣ ዕቁብ የደረሰኝ። ሌላው ግማሽ የልጅ ልጄ የብርቱካን ነው፤ ራሷ ያጠራቀመችው፣ በቦርሳዋ።

የመንገዱ ምክንያት ይሄ ነው። ብርቱካን የከብት ሕክምና ተምራ ከዶሬ ባፋና ወዲያ ገጠር ተመደበች። የታመመ ላም ደግሞ አስፋልት ዳር ቆሞ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ሞተር ያስፈልጋታል። ሞተር ነድታ አታውቅም። መንጃ ፈቃዱንም ገና እየተማረች ነው። ለጀማሪ የሚሆን ትንሽ ሞተር ልትመርጥ ወጣች።

እኔ የወጣሁት እንዳትገዛ ላደርግ ነው።

አትቆጡኝ። ከኔ ቤት ወጥቶ የሄደ ሰው ሲመለስ እንግዳ ሆኖ ነው። የብርቱካን እናት አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች፤ አሁን የምትመጣው ለፋሲካ ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ሩቅ ዘመድ ስኳርና ሳሙና ይዛ። ብርቱካንን ዳዴ ስትል ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሷም ሞተር ካገኘች እዚያው ገጠር ትቀራለች፣ እኔ ከቴሌቪዥን ጋር ልፋጠጥ ነው አልኩ። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልተሠራልኝም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እማማ ጥሩነሽ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ" ይለኛል፤ ወንበሩ ግን ይቆረቁረኛል። እና ሐሳቤ ይሄ ነበር፦ የሞተሩን ሁሉ እንከን አወጣለሁ፣ ሲመሽ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፣ እሷም ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች።

ፊደል ስለማላውቅ ይሄን የምትጽፍልኝ እሷው ናት። እዚህ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ። ጻፊ አልኳት።

በራችን ላይ አበበችን አገኘናት። አበበች ጎረቤቴ ናት፣ የቀበሌው የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ።

"እማማ፣ ዛሬ ስብሰባ እንዳለ እንዳይረሱ!"

"እግሬን አሞኛል ልጄ፣ ሐኪም ቤት ልታሳየኝ ነው" አልኳትና ትንሽ አነከስኩላት።

ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ብርቱካን ጠየቀችኝ፦ "በየትኛው እግርሽ ነበር ያነከስሽው?"

"በሁለቱም።"

ባህል አዳራሽ

ለባጃጅ ሁለት ሁለት ብር ከፍለን ባህል አዳራሽ ወረድን። እዚያ ያለው የሞተር ሱቅ መስታወት በመስታወት ነው። ሞተሮቹ አዲስ ጫማ እንዳደረጉ የሰንበት ተማሪዎች ተሰልፈዋል፣ ወንበራቸው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ሻጩ ፀጉሩን ቅባት ያጠጣ ጎረምሳ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ እናቴ! ሞተሩ ለማን ነው?"

"ለኔ" አልኩት።

ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ብርቱካን ጎኔን ነካ አድርጋ "ለኔ ነው፣ ጀማሪ ነኝ" አለችው። እሱም ነፍሱ መለስ አለችና ወደ አንድ ቀይ ሞተር ወሰደን። ቁመቱ የበቅሎ ነው።

"ይሄ አንደኛ ነው። ዳገት አያውቅም፣ ሰላሳ ሁለት ሺህ።"

"መሰላሉ ለብቻው ነው የሚሸጠው?" አልኩት።

ብርቱካን ወጣችበት። የእግሯ ጣት ብቻ ነው መሬት የነካው፣ እሱም የአንደኛው እግር። እዚህ ላይ እውነት ለመናገር ውሸት መጨመር አላስፈለገኝም። "አሁን ሰው ሰላም ሲላት በየት በኩል ነው የምትወድቀው?" አልኩ።

"ያኛውስ?" አለች ብርቱካን።

"ጎማው ቀጭን ነው።"

"ያ ግራጫው?"

"ፊቱ ያስጠላል።"

"እማማ፣ ሞተር ደግሞ ፊት አለው?"

"መብራቱን አታይም? እንደ ቀበሌ ጥበቃ ያፈጣል።"

ሻጩ ታጋሽ ልጅ ነው። "ግድ የለም፣ ግራጫውን ደጅ አውጥተን ትሞክረው" ብሎ ቁልፍ አመጣ። ብርቱካን ሄልሜት ልትለካ ዞር ስትል ጆሮው ሥር ገባሁ። "ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ብስክሌት የተማረች ጊዜ የጎረቤት ዶሮ ቤት ጥሳ ነው የቆመችው። ዶሮዎቹ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንቁላል አቆሙ።"

ይሄም እውነት ነው፣ ዶሮዎቹ የአበበች ነበሩ። ልጁ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና "ሰኞ ብትመጡ ይሻላል፣ ነዳጅ የለውም" አለ።

ውጭ ስንወጣ ብርቱካን "ምን አልሽው?" አለችኝ።

"ተሰናበትኩት።"

ታቦር ሥር

ከዚያ በእግራችን ወደ ታቦር ሄድን። ፀሐዩ ከረር ብሏል፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ተቆፍሮ ድንጋይ ተከምሯል። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፣ ብርቱካን "እግርሽን አሞሻል 'ኮ" ትለኛለች። ተራራው ሥር ዳንጊሶ የሚባል ሰው አሮጌ ሞተር የሚሸጥበት በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ። ዳንጊሶ ሲዳማ ነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሳቁ ከግቢው የሚያልፍ ሰውዬ።

"አማ! ግቡ፣ ግቡ! ጌታ ነው ያመጣችሁ!" አለ። እናት ሲሉ በነሱ ቋንቋ አማ ነው።

"ባጃጅ ነው ያመጣን" አልኩት።

ሳቀ። ይሄ ሰው አስቸጋሪ ነው አልኩ በሆዴ፤ ሲሰድቡት የሚስቅ ነጋዴ በቀላሉ አይሸነፍም።

ብርቱካን ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሞተር አየች። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል፣ ወንበሯ በፕላስተር ተለጥፏል። ዳንጊሶ በእግሩ መታ ሲያደርጋት ተነሳች።

"ኧረ ጆሮዬ!" አልኩ። "ይሄ ሞተር ነው ወፍጮ? ጭሱስ? ወንበሩ ተቀዷል። ቀለሙ የእባብ ቆዳ መስሏል። በዚያ ላይ አጭር ነው!"

"ባህል አዳራሽ ረጅም ነው አልሽ፣ እዚህ አጭር ነው አልሽ" አለች ብርቱካን። "ስንት ክንድ ይሁንልሽ?"

ዳንጊሶ እጁን አጣጥፎ አየኝ። "አማ፣ ሞተር ነው የሚመርጡት ወይስ የልጅ ባል?"

"የልጅ ባል ቢሆን እንኳ እንደዚህ አያጨስም።"

እሱ ወደ ብርቱካን ዞረ። "ልጄ፣ አንቺ ጀማሪ ነሽ። ለጀማሪ ሁለት እግር ሙሉ መሬት ይንካ። መኪና መጣ፣ ፈራሽ፣ በቃ እግርሽን ታወርጃለሽ፣ ቆምሽ። ትልቁን ኋላ ትገዣለሽ። ውጪ እስቲ።"

ወጣች። ሁለቱም ጫማዋ መሬቱን ልጥፍ አድርጎ ያዘ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። መሪውን ይዛ ግራና ቀኝ አዞረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ።

ይሄን ፊት አውቀዋለሁ፤ እናቷ የአዲስ አበባ አውቶብስ ላይ ስትወጣ የነበራት ፊት ነው።

"አልወደድኩትም" አልኩና መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ከግቢው ወጣሁ።

ከኋላዬ ዳንጊሶ "እሺ አማ፣ ግድ የለም። ግን ከምሳ በኋላ አንድ ሰውዬ ሊያየው ይመጣል፣ ከወደደው ለሱ ነው" ሲል ሰማሁ። ብርቱካን ተከትላኝ ወጣች።

ሐይቅ ዳር

አሞራ ገደል ወርደን ዓሳ አዘዝን፣ አንዱ ዓሳ ሃያ አምስት ብር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳይጠሩ እንደመጡ ሽማግሌዎች ዙሪያችንን ቆመው የዓሳ አንጀት ይጠብቃሉ። ነፋሱ ደስ ይላል፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ ተነስቼ እጄን እታጠባለሁ፣ አንድ ጊዜ ወንበር እቀይራለሁ። ያሰብኩት ሁሉ ተሳክቶልኝ ሳለ ለምን እንደምቁነጠነጥ አልገባኝም።

"ይብሉ" አለች ብርቱካን።

ክው አልኩ። ይቺ ልጅ አፏን ስትፈታ ጀምሮ አንቺ ነው የምትለኝ። እርስዎ የምትለኝ አንጀቷ ሲቃጠል ብቻ ነው።

"ምነው ልጄ?"

"ምንም። እሾህ እንዳይወጋዎት።"

"ሞተሩን ከልቤ 'ኮ ነው ያልወደድኩት።"

"ገብቶኛል። ችግር የለም። ዶሬ አንድ ክፍል ቤት አይቻለሁ፣ ዛሬ ደውዬ እከራየዋለሁ እላቸዋለሁ። ፍራሽ ብቻ ነው የሚጎድለኝ።"

"የምን ቤት?"

"ታዲያ የት ልደር? ከዶሬ ወዲያ ከአሥር ሰዓት በኋላ መኪና የለም።"

"ሞተር ብትገዢስ?"

"ሞተር ቢኖረኝማ ማታ ማታ ቤቴ ነበርኩ።"

እጄ ላይ ያለው ዓሳ ቆመ። "ይሄን መቼ ነገርሽኝ?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ጠዋቱን ሙሉ የሞተር ፊት ስትሰድቢ ዋልሽ! ለመሄድማ ሞተር ምን ያደርግልኛል? አንድ ጊዜ በሚኒባስ ሄዶ መቅረት ነው። ሞተሩ ለመመለሻ ነው እማማ።"

ዓሳው ከእጄ ወደቀ፣ አባ ኮዳው ከነእሾሁ ዋጠው። "ተነሺ!" አልኳት።

"ሒሳብ አልከፈልንም!"

"ክፈያና ተነሺ! ሰውዬው ሞተራችንን ሊወስደው ነው!"

እንደገና ታቦር ሥር

ባጃጁን ኮንትራት ያዝን። ሃያ ብር አለ፣ አልተከራከርኩም። በዕድሜዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ሹፌሩ ራሱ ደንግጦ በመስታወቱ አየኝ። "ቶሎ በል ልጄ፣ እግርህን ጫን!" እላለሁ። አህያ መንገድ ሲያቋርጥ አህያውን ሰደብኩት። ልቤ እንደተሰቀለ ደረስን።

ስንገባ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሰማያዊዋ ላይ ተቀምጧል። ዳንጊሶ ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘርግቷል። እኔን ሲያይ "ጌታ ሆይ" አለ።

"ልጄ፣ ይሄን ሞተር ልትገዛ ነው?" አልኩት ሰውዬውን።

"አዎ እናቴ፣ ያውቁታል?"

"አላውቀውም? ጠዋት አብሬው አልነበርኩ? ተመልከተው፣ ቀለሙ ተልጧል። ወንበሩ ተለጥፏል። አስነስተህ ስማው፣ ወፍጮ ነው። አንተ ደግሞ ጎበዝ ሰው፣ ቁመትህ ያማረ! ጉልበትህን እስቲ እየው፣ ከጆሮህ ጋር ሊያወራ ደርሷል።"

ሰውዬው ዝቅ ብሎ ጉልበቱን አየ። እውነትም መሪው ጋ ደርሷል። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሱሪውን አራገፈ። "ላስብበት" አለና ወጣ።

ዳንጊሶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አማ! ምን በደልኩዎት?"

እኔ መቀነቴን መፍታት ጀምሬያለሁ። "በል ና፣ ተቀበለኝ።"

"አልወደድኩትም አላሉም?"

"አሁንም አልወደው። ልጄ ግን ትወደዋለች።"

"ያ ሁሉ እንከንስ?"

"እንከኑንማ ከዋጋው ላይ ቀንስ። ራስህ ሁለት ጊዜ ሰምተሃል፣ አሁን ደግሞ ምስክር አለኝ።"

ተናዶ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ትንሽም ቀነሰልን፣ ሄልሜትም ጨመረልን። "አማ፣ ሥራ ካጡ እዚህ ይምጡ። ደንበኛዬን ለሌላ ሻጭ ከሚያስኮበልሉብኝ እኔ ልቅጠርዎት" አለ።

ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ብርቱካንን አለማመዳት። "ፍሪሲዮኑን ያዢ! ማርሽ አስገቢ! አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ!" ብርቱካን በአንዴ ትለቀዋለች፣ ሞተሯ እንደ ፍየል ትዘልና ትጠፋለች። እኔ ነጠላዬን አደግድጌ በጎን እሮጣለሁ። "አማ፣ እርስዎ ዞር ይበሉ፣ ይገጭዎታል!" ይላል ዳንጊሶ። አንዴ ሞተሯ አዘነበለች፣ ልቤ ተከትላ አዘነበለች፤ ብርቱካን ግን እግሯን አወረደችና ቆመች። እንዳለውም መሬቱ ደገፋት። ከዚያ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች፣ ፊቷን ሰጥታኝ መጣች። ፊቷን ሰጥታኝ ስትመጣ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ።

ወደ ቤት

መንጃ ፈቃዱ እስኪወጣ አስፋልት ላይ አትነዳም። ዳንጊሶ ሰው ነድቶ ያድርስላችሁ አለ፣ ብርቱካን ሞተሬን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች። ስለዚህ ከታቦር ሥር እስከ ምሥራቅ ገፋናት።

ሀዋሳ ሜዳ መሆኗን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው። አላፊ አግዳሚው አላስቀመጠንም።

"እናቴ፣ ነዳጅ አለቀ?" አለኝ አንዱ ባጃጅ ነጂ።

"አላለቀም።"

"ታዲያ ለምን ትገፏታላችሁ?"

"መንገዱን እያሳየናት ነው!"

ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ሞተሯ ትንጫጫለች፣ ወገቤም አብሯት። ብርቱካን "አረፍ በይ" አለችኝ። ዙሪያዬን አየሁ፣ መቀመጫ የለም። ከሞተሯ በቀር። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁባት፣ ሄልሜቱን ነጠላዬ ላይ ደፋሁ፣ መሪውን ያዝኩ። "ግፊ!" አልኳት። ብርቱካን እየሳቀች ከኋላ ገፋች። ሁለቱም እግሬ መሬት ይነካል፤ ለጀማሪ ጥሩ ሞተር ናት።

እንዲህ ሆነን የሰፈራችንን መታጠፊያ ስንታጠፍ ስብሰባው ተበትኖ ሴቶቹ እየወጡ ነው። ከፊት አበበች።

"እማማ ጥሩነሽ!" አለች አፏን ይዛ። "እግሬን አሞኛል አላሉኝም?"

"ታዲያ ባያመኝ እገፋ ነበር እንጂ እጫን ነበር?" አልኳት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፣ አበበችም ጭምር። ከዚያ መጥታ ሞተሯን ዞር ዞር ብላ አየችና "ዶሮዎቼን ልቆልፍ" አለች።

ከዚህ መንገድ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ሰው ሞተር ልግዛ ሲላችሁ ጎማውን ከመምታታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ግማሽ ቀን ባከነብኝ፣ አንድ ሙሉ ዓሳም አባ ኮዳ በላብኝ።

አሁን ፈቃዱ ወጥቶላታል። በየቀኑ ጠዋት ትሄዳለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ እኔ አንድ ቦታ አልቆምም፤ ደጅ እጠርጋለሁ፣ የተጠረገውን እጠርጋለሁ፣ አጥር ላይ እንጠለጠላለሁ። አበበች "አረፍ ይበሉ" ትላለች፣ አልሰማትም። ከዚያ ከአስፋልቱ መታጠፊያ ያ ወፍጮ ይሰማል። ከሀዋሳ ሞተር ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ እንከኑን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ? ያኔ ወንበሬን ስቤ ቁጭ እላለሁ፣ ብርቱካን ስትገባ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ያልተነሳሁ እንዲመስላት።