ከዒዳ ቤት የወጣችው

እሳቱን የለኮሰው ጣሊያን ነው። አርበኛ እንዳይሸሸግበት ብሎ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ሲያቃጥል፣ የሸዋ ሮቢት የበጋ ነፋስ ከቀትር በኋላ ማንንም እንደማይሰማ ማን ይንገረው? ሳሩ ደርቆ ቆሟል፤ የማሽላው አገዳ ገና ከማሳ አልተነሳም። ጢሱ ሰፈራችንን ሲሸፍነው ወንዶቹ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሮቢ ወንዝ አሸዋ ወረዱ። ከሰው ከብት ቀደመ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የደከመውን ሰው ለማውጣት የቀረነው እኛ ሴቶቹና የመስጊዱ ሼህ ነበርን። ሼሁ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በከዘራቸው እየመሩ ቁልቁለቱን ያዙ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ጉልበት አለኝ፤ አንዲት አራስ ከነልጇ አውርጄ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩና ለጎረቤቴ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ባሏ በወባ ሞቶባት ዒዳ ላይ ነበረች። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ እስክትጨርስ ከባሏ ቤት አትወጣም፤ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም። አብረዋት ያሉት የሟቹ እናት ደግሞ ወገባቸው ከያዛቸው ቆይቷል፤ ካላገላበጧቸው አይገላበጡም። ለእኒህ እናት የቀራቸው አንድ ልጅ፣ ጣሊያን ጭቃ ሹም ያደረገው የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በሬዎቹን እየነዳ በደጃቸው አልፎ ወርዷል። ዘወር ብሎም አላየ።

ስገባ ቁጭ ብላለች። ጢሱ እንዳያፍናቸው የአማቷን ፊት በእርጥብ ነጠላ ሸፍናለች።

«ተነሺ እንጂ! አታዪም እንዴ?» አልኳት።

«ዒዳ ላይ ነኝ። እሳቸውን ውሰጃቸው፤ እኔን ተይኝ።»

«ብቻዬን አልችላቸውም!»

«ሰው ጥሪ። እኔ ብወጣ ነገ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።»

ማን እንደሚላት አልጠየቅኋትም። ተናድጄ ወጣሁና ሼሁን በጩኸት ጠራኋቸው። እሳቸውም የሽማግሌውን ከዘራ እንደያዙ ዞረው፣ «ትውጣ! ዶሩራ ነው፣ የነፍስ ጉዳይ ነው! አላህ ተቃጠሉ አላለም!» አሉ። በመንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

እሷም ሰማች። ፊቷን በሻሿ ጠቅልላ አማቷን በጀርባዋ አዘለች፤ እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ወረድን። እሳቱ አገዳው ውስጥ ሲገባ ሲንጣጣ ይሰማናል። አሮጊቷ ጆሮዋ ሥር፣ «አላህ ይውደድሽ፣ አንቺ ነሽ ልጄ» ይሏታል። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ቤቱ ተቃጠለ።

ያን ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ አሸዋው ላይ አደረ፤ ሴቱም፣ ወንዱም፣ ከብቱም። እኔ አራሷ ዘንድ ነበርኩ። ሲነጋ ሄጄ ጎረቤቴን ሳያት ፊቷን ከወንዶቹ ወደ ወንዙ ገደል አዙራ፣ የአማቷን ራስ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀምጣለች።

የቀረውን ዒዳዋን እኛ በቀለስንላት ጎጆ ውስጥ አማቷን እያገላበጠች ጨረሰች። እንደጨረሰች ጭቃ ሹሙ ሽማግሌ ሰበሰበ። የፈለገው የወንድሙን ማሳ ነው፤ እሷ ደግሞ ድርሻ ነበራት።

«ዒዳዋን አፍርሳ ከወንድ መሃል አድራለች። የወንድሜን ስም አዋርዳለች፤ ማሳችንን ለቃ ትሂድልን» አለ። በሬ ነድቶ እናቱን ለእሳት ጥሎ የሸሸ ሰው ስለ ስም ያወራል!

ሼሁ፣ «ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ድርሻዋም ሐቋ ነው» አሉ።

«መውጣቷን ፈቅደዋል እንበል። አዳሯን ማን አየ?»

ሽማግሌዎቹ አመኑት ማለቴ አይደለም። ከኋላው ጣሊያን ስላለ ፈሩት። እኔ አላስቻለኝም፤ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ፣ «ታዲያ አብራ ትቃጠል ነበር?» አልኩ። ባሌን «ሚስትህን ዝም አሰኝ» አሉት፣ አሰኘኝ።

በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ፣ «አብረዋት ያደሩት እናትየው ናቸው፤ እሳቸው ይጠየቁ» አለ። ደስ አለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ አልኩ። አሮጊቷን ተሸክመን አምጥተን ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ግራር አስደግፈናቸው ነበር። ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጄ ካለ እንግዲህ ብሏል» አሉ።

ማሳው ለእሱ ተፈረደ፤ እሷም ወደ ወላጆቿ፣ ወደ አሊዩ አምባ እንድትሄድ ተባለ። አላለቀሰችም። ስትነሳ አሮጊቷ ቀሚሷን ያዟት።

«አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ያገላብጠኛል?»

«ልጅዎ ያገላብጥዎት፣ እማማ» አለች። በክፋት አልነበረም የተናገረችው። ቀሚሷን ቀስ አድርጋ ከእጃቸው አላቀቀችና ሄደች።

አላገላበጣቸውም። ሚስቱ ምግብ ታስቀምጥላቸዋለች፣ ትወጣለች። እኛ ጎረቤቶቹ እንዳንገባ ጭቃ ሹሙ በሩን ከለከለን። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ጀናዛቸውን ያጠብነው እኛ ሴቶች ነን፤ ጀርባቸው ቆስሎ አጥንቱ ይታያል።

እሱ ደጅ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበል ነበር። «እናቴን ያ እሳት ነው የገደለብኝ» ይላል። ሰዉም እጁን እየጨበጠ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ያጽናህ» ይለዋል።