ሪፍሬንና የአባቴ በቅሎ ልጓም

ባለቤቴ ሚዛን ተፈሪ ከተማ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በደርግ ጊዜ ተማሪዎቹ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ወደ ቴፒ ሲወሰዱ ትምህርት ቤቱ ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ እሱና ከአዲስ አበባ የተመደበችው ወጣት መምህርት እኛ ቤት ተቀምጠው ፈተና ያዘጋጃሉ። "እርስዎ" ነበር የሚባባሉት። አንዳንዴ "ጓድ መምህርት" እያለ ይቀልድባታል። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ እሰማለሁ።

አንድ ቀን "ሪፍሬን" በምትል የእንግሊዝኛ ቃል ተከራከሩ። እሷ "መታቀብ" ብላ ተረጎመቻት። እሱ፣ መታቀብ የጾም ቃል ነው፣ ይህቺ ግን የጉልበት ቃል ናት አለ። ሥሯ በጥንት ሮማውያን ቋንቋ ልጓም ማለት ስለሆነ "መግታት" ይሻላታል። እሷ ልጓም በሥዕል እንጂ በእጇ ይዛ እንደማታውቅ ነገረችው። ተያይዘው ወጡ።

ግቢያችን ውስጥ አባቴ የሰጠኝ በቅሎ ታስራ ነበር። አባቴ በማጂና በሚዛን መካከል በበቅሎ ይነግድ ስለነበር፣ እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው መለጎም የቻልኩት። ባለቤቴ ግን በቅሎዋን ይፈራታል። ያን ቀን አልፈራም። እየታገለ ብረቱን አጎረሳት፤ ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር፣ ለመምህርቷ አስጨበጣትና እጇን በእጁ ይዞ ወደ ኋላ ሳበ። በቅሎዋ አንገቷን ቀልሳ ቆመች።

"አየሽ?" አላት።

"አዩ?" አላላትም። ከጓዳው ሆኜ የሰማሁት እሱን ነው።

ማታ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጠየቅሁት። ቃል ነው ያሳየኋት አለኝ። ለእኔስ መቼ ቃል አሳይተኸኝ ታውቃለህ ስለው፣ አንቺማ ልጓሙን ታውቂዋለሽ ብሎ ሳቀ።

በዓመቱ እሷ ራሷ ጠይቃ ወደ ቴፒ ተዛወረች። ደስ አለኝ። ሆኖም እሱ ለስብሰባ ቴፒ በሄደ ቁጥር ሸሚዙን አልተኩስለትም ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተብኝ። እሷም ለቅሶ መጣች፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ለቀስተኛው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ "እሳቸው" ይላል፣ የቀድሞ ተማሪዎቹም፣ መምህራኑም። ሰው ሲበተን ሰሌኑ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኋት፤ በመካከላችሁ ነገር ነበር ወይ አልኳት።



"የለም፣ እትዬ። ራሱን ገታ።"

ልታጽናናኝ ነው። ራሳቸውን ገቱ ማለት ሲገባት ራሱን ገታ ማለቷን እንኳ ልብ አላለችም። ግን ቆማ የምትግጥ በቅሎ ላይ ዛብ የሚስብ ማን ነው? የሚገታው ለመሄድ የተነሳ ነው። የተገታ ባል አልነበረም የምፈልገው፤ መሄድ ያላማረው ነበር።

ስትነሳ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ለአርባው እመጣለሁ አለች።

መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትድከሚ አልኳት።