ከባሕር የሸሸው ካፒቴን

የፒፓ ትምባሆ ሽታ መንገድ ላይ ድንገት ካፍንጫዬ ሲደርስ፣ ቁስቋም ያለው የአባቴ ግቢና በታችኛው ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። ትልቁ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት ላይ ነበር በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣው። የጦር መርከብ አዛዥ እንደነበር ስለሰማች እናቴ «አያ ካፒቴን» ትለው ነበርና እኛም ልጆቹ በዚያው ለመድን።

በበጋ፣ አባቴ የቅኔ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ወይራው ሥር ሲቀመጥ፣ ካፒቴኑ በርጩማውን ይዞ እየመጣ በተሰባበረ አማርኛው ስለ ኑሮው ያወጋው ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከመርከብ መርከብ እየተዛወረ፣ በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየጨመረ፣ በመጨረሻ የራሱን መርከብ ለማዘዝ በቅቶ ነበር። በጦርነቱ ግን መርከቧ በሰሜኑ ብርዳም ባሕር ላይ ተመትታ ሰጠመች። እሱ ከጥቂቶች ጋር ተረፈ፤ ኒሻን ሸለሙት፤ እሱ ግን ሥራውን ለቀቀ።

«ምነው ካፒቴን፣ ያን ሁሉ ሹመት ትተው?» ሲል አባቴ ጠየቀው።

«መሪጌታ፣ ባሕር የሌለበት አገር ላኩኝ ብዬ ለመንኩ።»

ለጥምቀት እንኳ አብሮን ወርዶ፣ ሕዝቡ ወደ ፋሲል መጠመቂያ ሲጎርፍ፣ እሱ ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆም ነበር።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ አባቴ ከቀብር ሲመለስ ቀሃ ወንዝን በበቅሎ ሊሻገር ገብቶ፣ መሐል ሲደርስ ደራሽ ውሃ መጣበት፤ በቅሎዋን ጠርጎ ወሰዳት፤ እሱ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ፣ ዳር የቆመው ሰው ከመጮህ በቀር መላ አልነበረውም። እናቴ ነጠላዋን ታጥቃ ልትገባ ስትል ሴቶቹ ያዟት። ያን ጊዜ ካፒቴኑ የጭነት ገመድ ይዞ እየሮጠ መጥቶ፣ ወገቡን አስሮ ጫፉን ለጎረምሶቹ ሰጠና፣ «ስጮህ ሳቡ!» ብሎ ገባ። ድፍርሱ ውሃ ደጋግሞ ዋጠው፤ ደጋግሞ ተፋው። በመጨረሻ አባቴን ደረቱ ላይ አጣብቆ ወጣ።

አባቴ የጠጣውን ውሃ አስሎ ሲበርድለት፣ ካፒቴኑ ጭቃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

«ምነው ወንድሜ፣ ይኸው ተርፌልህ የለም እንዴ?»

«አንተን አወጣሁ። እነሱን አላወጣሁም።»

አባቴ ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠና «ስማቸውን ንገረኝ» አለው።

ካፒቴኑ የሰጠሙትን መርከበኞች ስም በቃሉ አንድ በአንድ ጠራ፤ አባቴም ምላሱ እየተኮላተፈ ተከትሎት አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊያነሣቸው ባይችልም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ጸሎት መጨረሻ እነዚያን የባዕድ ስሞች እየጠራ «ነፍሳቸውን ማር» ይል ነበር። ካፒቴኑ በዓመቱ አገሩ ከገባም በኋላ፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ አላቋረጠም።

ዛሬ የምኖርበት ሰፈር ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነው። ያኔ በቤታችን፣ ፊታቸውን እንኳ አይተን የማናውቃቸው ሰዎች በየስማቸው ይታሰቡ ነበር፤ አሁን ጎረቤቴ ሲሞት ስሙን የምሰማው የለቅሶው ድንኳን ከተተከለ በኋላ ነው።